የግራ እግሬ ነገር

የሚንቀጠቀጠው ግራው ብቻ ነው። ቀኙ እግሬ ጨዋ ነው፤ ፍሬን ርገጥ ሲሉት ይረግጣል፣ ነዳጅ ስጥ ሲሉት ይሰጣል። ግራው ግን ፍሪሲዮኑ ላይ ባረፈ ቁጥር እንደ ልብስ ሰፊ እግር ይመታል። ልብስ ሰፊውስ የሚሰፋው ነገር አለው፤ የእኔው ዝም ብሎ ነው። ተው እለዋለሁ፤ አይተውም። ጉልበቴን በእጄ እይዘዋለሁ፤ ያን ጊዜ ደግሞ መሪው ባለቤት ያጣል።

ይህን የምጽፈው መንጃ ፈቃድ ኪሱ ያለ ሰው እንዲስቅብኝ አይደለም። ይሳቅ፤ ግድ የለኝም። የምጽፈው ዘንድሮ ወይም ለከርሞ «ለማጅ» የሚል በተጻፈበት መኪና ውስጥ ገብቶ ጀርባው ላይ ላብ ለሚወርድበት የግቢያችን ልጅ ነው። በእኔ ጀርባ በ2016 ዓ.ም. ወርዷል።

ነገሩ ግን ከእኔ አይጀምርም። የሚጀምረው ከላዳዋ ነው።

አባቴ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ነዳ። ያሳደገችን እሷ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ደብተሩም፣ የበዓል ዶሮውም፣ የቤት ኪራዩም ከእሷ ነው የወጣው። እናቴ እኔን ልትወልድ ስትሄድ የኋላ ወንበር ላይ ነበረች፤ አባዬ ይህን ሲያወራ በየቀይ መብራቱ ምን ምን እንዳለችው ሳይቀር ይተርካል። እናቴ ደግሞ «ውሸቱን ነው፤ መብራት የሚባል አልነበረም» ትላለች።

በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ አንድ ማታ ላዳዋን ግቢ አስገባና ቁልፉን ለእናቴ ሰጣት። አቁም ያለው ሰው የለም። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት መኪናዋ ግራ ጎኗን ሁለት ጊዜ ተፍቃለች፤ ሁለቴም በራሳችን የግቢ በር። «በሩ ጠቦ ነው» አለ፤ ሳቅን። ያን ዕለት ግን መንገድ ተጨናንቆ መኪናው ሁሉ በቆመበት፣ ማስቲካና ሶፍት የሚያዞር ትንሽ ልጅ በግራ በኩል ተጠግቶ ኖሯል፤ አባዬ ሊነሳ ሲል ልጁ ኮፈኑን በእጁ ደብድቦ ጮኸ። ምንም አልሆነም። እንዲያውም ተሳድቦ ነው የሄደው። አባዬ ስድቡን ቃል በቃል ነገረን፤ ግን እንደ ልማዱ እየሳቀ አልነበረም።

«ከየት እንደመጣ አላየሁትም» አለ። ቆየና ደግሞ፣ «ከጎኔ ነበር እኮ። ከጎኔ።»

ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለው። ይህ በሽታ ብዙውን ጊዜ አያምም፣ ዓይን አያቀላም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ይጎዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የዓይን ውስጥ ግፊት ከፍ ይላል። መጀመሪያ የሚወስደው ዳር ዳሩን ነው። መካከሉ ለረጅም ጊዜ ስለሚተርፍ፣ ሰው ጋዜጣ እያነበበና ብር እየቆጠረ ግራና ቀኙን ያጣል፤ ማጣቱንም አያውቅም። የሄደው ደግሞ አይመለስም፤ ጠብታውም ቀዶ ሕክምናውም የሚጠብቁት የቀረውን ነው። አባዬ ሐኪም ቤት ሲደርስ የቀረው ትንሽ ነበር። ዛሬ የሚለየው ብርሃንና ጥላን ነው።

ላዳዋን ግን አልሸጣትም። ታክሲነቷን አስቀርቶ የቤት መኪና ሰሌዳ አስወጣላት፤ ቀለሟን አስቀየረ፤ ጎረቤታችን ያለ መካኒክ በየዓመቱ እየወሰደ ቦሎዋን ያሳድሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ አባዬ ግድግዳ እየዳሰሰ ይሄድና ሞተሯን አስነስቶ አሥር ደቂቃ ያህል ይቀመጥባታል። እናቴ ቤንዚን አባካኝ እያለች ታጉረመርማለች፤ አሥር ደቂቃው ሲያልፍ ግን ቡና ደርሷል ብላ የምትጠራው ራሷ ናት።

ታዲያ በ2016 መስከረም ላይ፣ «አንቺ ንጂያት» አለኝ።

በየሦስት ወሩ የሐኪም ቀጠሮ አለው። ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ ሁለት ታክሲ መቀያየር ነው፤ ሰልፍ ነው፤ ግፊያ ነው። አንድ ቀን ወያላው «ፋዘር፣ ቶሎ በሉ እንጂ!» እያለ ሲያጣድፈው ደረጃውን ስቶ ወደቀ። ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ሲያሳፍር የኖረ ሰው ታክሲ ደጃፍ ላይ ወደቀ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ እጁን ይዤ ነበር። ስለዚህ ንጂያት ሲለኝ እንቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

ፍርሃቴ ሁለት ነው። አንዱን ለሰው ሁሉ አወራለሁ፤ እሱ የግራ እግሬ ነው። ሁለተኛውን ግን ለማንም አላወራሁም፤ እዚህ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው። ግላኮማ በዘር ይሄዳል። አባቱ ወይም እናቱ ያለባቸው ሰው ከሌላው ይልቅ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል። ለመንጃ ፈቃድ ደግሞ የጤና ምርመራ ግዴታ ነው። ሄድኩ፤ አንድ ዓይኔን ሸፍኜ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰንጠረዥ እስከ ታችኛው መስመር አነበብኩ። «ጎበዝ» ተባልኩና ወረቀቴ ላይ ማኅተም ተመታ። ያ ሰንጠረዥ ግን የሚጠይቀው መሐሉን እንጂ ዳሩን አይደለም። አባዬም በ2011 ዓ.ም. ፈቃዱን ሲያሳድስ እንዲህ ያለውን ሰንጠረዥ እስከ ታች አንብቦ «ጎበዝ» ተብሎ ነበር።

ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይዤ ሦስት ሳምንት ማሰልጠኛ ሳልመዘገብ ቀረሁ። ሰበብ መቼ ይጠፋል! ፈተና ደረሰ፣ ብር አጠረ፣ ጉንፋን ያዘኝ። እውነቱ ግን ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አንድ ዓይኔን እየሸፈንኩ፣ ጣቴን ከጆሮዬ ጀርባ ወደ ፊት እያመጣሁ የት ላይ እንደምትታየኝ ስለካ ነበር የማመሸው። በመጨረሻ የአባዬን ጠብታ ልናወጣ የሄድን ዕለት እኔንም ዓይን ሐኪሙ እንዲያየኝ ጠየቅሁ። ግፊቱን ለካ፤ ነርቩን አየ። «ለጊዜው ደህና ነሽ፤ በየዓመቱ እየመጣሽ ታዪ» አለኝ። «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ይዤ ወጣሁና በማግስቱ ተመዘገብኩ።

የማሰልጠኛው መኪና አሮጌ ቶዮታ ነው። አሰልጣኜን ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ካፋቸው መፋቂያ አይጠፋም። ሲቆጡ መፋቂያው ከግራ ጉንጭ ወደ ቀኝ ይዛወራል፤ ተማሪ ሁሉ መኪናውን ከመንዳቱ በፊት ይህን ምልክት ያጠናል። «ፍሪሲዮን! ፍሬቻ! ስፖኪዮሽን እዪ እንጂ!» ሲሉኝ የመጀመሪያውን ሳምንት መኪና ሳይሆን ጣልያንኛ የምማር መሰለኝ። እውነትም ነው። ፍሬኑም፣ ካምቢዮውም፣ ኮፈኑም፣ ጎማውም፣ መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ቦሎ እንኳ ከጣልያን የቀረ ስም ነው። ሶቪየት ናት የምንላት ላዳም ብትሆን የፊያት 124 ልጅ ናት። ጠላት ለአምስት ዓመት መጥቶ ተባረረ፤ መኪናው ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ተቀምጦ ያዘናል።

በመጀመሪያው ቀን ሞተሩን አሥራ አንድ ጊዜ አጠፋሁት። ቆጥሬ ነው። ፍሪሲዮኑን ስለቀው መኪናው እንደ ፌንጣ ዘልሎ ዝም ይላል፤ ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክስ ይነፋል፤ እግሬ የልብስ ሰፊነቱን ሥራ ይጀምራል። አሥራ አንደኛው ላይ መፋቂያው ይዛወራል ብዬ ስጠብቅ ጋሼ ሞተሩን አጥፊው አሉኝና ወሬ ጀመሩ።

«አይዞሽ የኔ ልጅ። በ1956 ዓ.ም. አገሩ በሙሉ ለማጅ ሆኖ ነበር።»

እስከዚያ ዓመት ድረስ በአገራችን መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነበር፤ በ1956 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ወደ ቀኝ ተዛወረ። የጋሼ አባት ያኔ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ያን ሰሞን የሠፈሩ ሹፌር ሁሉ አንገቱን እንደ ዶሮ እያዞረ ነበር የሚሄደው፤ አባታቸው ማታ ቤት ሲገቡ የበሩ እጀታ በየት በኩል እንደሆነ ይጠፋቸው ነበር አሉ። የበሩን ነገር ጨምረውበት ይመስለኛል። ቢሆንም ሳቅሁ። ስስቅ እግሬ ዝም አለ። ጋሼ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ «አሁን አስነሺ» አሉኝ፤ አስነሳሁ፤ ሄደ።

ችግሩ ፈታኝ ወሬ አያወራም።

ዶርም ውስጥ ሦስት ጫማ መሬት ላይ ደርድሬ ልምምድ ጀመርኩ። ግራው ፍሪሲዮን፣ መሐሉ ፍሬን፣ ቀኙ ነዳጅ። መሪው ከምግብ ቤት የመጣ ትሪ ነው። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች መጀመሪያ ሳቁ፤ ቆይተው ተሳፋሪ ሆነው ከኋላዬ አልጋ ላይ ተቀመጡ፤ «ወራጅ አለ!» ማለት ጀመሩ። ከመካከላቸው አንዷ ሥነ ልቦና ነው የምታጠናው፤ ትሪዬን ቀምታኝ ጀርባው ላይ በጣቷ ጉብታ የመሰለ መስመር ሳለችልኝ። የርክስ እና ዶድሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1908 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ነው፤ አይጦችን ትክክለኛውን መንገድ ሲስቱ ኤሌክትሪክ እያስነኩ ያስተማሩበት። ንዝረቱ በጣም ሲያንስ አይጧ ትዘገያለች፤ ትምህርቱ ከባድ ሆኖ ንዝረቱም ሲበረታ ደግሞ ግራ ይገባታል፤ የሚበጀው መካከለኛው ነው። ትምህርቱ በከበደ መጠን ደግሞ ትንሹም ንዝረት ይበዛባታል።

«አይጦቹ መንጃ ፈቃድ አገኙ?» አልኳት።

«ስሚኝ እንጂ! ሁለት መንገድ አለሽ። ወይ ፍርሃቱን ትቀንሺያለሽ፣ ወይ ሥራውን ታቀያለሽ። ፍርሃቱ እንደሆነ አልሰማሽም። ሥራውን አቅልዪው፤ እግርሽ ብትፈሪም የሚያውቀው እስኪሆን ድረስ።»

(በነገራችን ላይ ያ ጥናት የወጣው አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ ስትገባ ባዩ በዓመቱ ግድም ነው፤ መኪናዋ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነውና። እምዬን ግን ኤል ግቡ ብሎ የፈተናቸው የለም።)

ሥራውን ያቀለለልኝ አባዬ ነው። ግቢያችን ሁለት መኪና ተከታትሎ አይቆምበትም፤ እዚያችው ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ላዳዋን ሁለት ሜትር ወደ ፊት፣ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ እናመላልሳለን። የኋላ ማርሿ ማንሻውን ወደ ታች ተጭነው ካልሆነ አትገባም። አባዬ ከጎኔ ይቀመጣል፤ እጁን ዳሽቦርዱ ላይ ዘርግቶ ያስቀምጣል።

«አትዪ» አለኝ በመጀመሪያው ቅዳሜ። «ስሚ።»

«ምኑን?»

«ሞተሩን ነዋ። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ስትለቂ አንድ ቦታ ላይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሸክም ያነሳ ሰው ትንፋሹን ዋጥ እንደሚያደርገው። እዚያ ላይ ነክሷል ማለት ነው። እዚያ ላይ እግርሽን አቁሚ። አቁሚ አልኩሽ! አሁን ፍሬኑን ልቀቂ።»

ላዳዋ እንደ ሰው ተራመደች። ሳትዘል።

«ሌላ ደግሞ» አለ፤ «ተረከዝሽ የት ነው?»

ተረከዜ አየር ላይ ነበር። በምን እንዳወቀ አላውቅም፤ ምናልባት የጫማዬ ነጠላ ድምፅ ነግሮት ይሆናል። «መሬት አስነኪው፤ በሱ ላይ ዙሪ። የተንጠለጠለ እግር ይንቀጠቀጣል። የኔም ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«ያንተ?»

«ስድስት ወር ሙሉ። ተሳፋሪ እንዳያይብኝ ጋቢ ጉልበቴ ላይ ጣል አደርግ ነበር።»

ሃያ ስድስት ዓመት የነዳ ሰው! ይህን ለእናቴም ነግሯት አያውቅም። እኔ ካነበብኩት የትራፊክ ደንብ መጽሐፍ ሁሉ፣ ክብ ምልክት ይከለክላል፣ ሦስት ማዕዘን ያስጠነቅቃል ከሚለው ሁሉ የበለጠ የረዳኝ ያ ጋቢ ነው።

የጽሑፉን ፈተና በቀላሉ አለፍኩ፤ ስለሱ የማወራው የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ከውስጡ አልወጣልኝ ብሏል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፍሬን ከመርገጥህ በፊት፣ ገና ሳትደነግጥ ማለት ነው። እኔ ለመደንገጥም ቀርፋፋ ነኝ።

የተግባሩ ፈተና ሳምንት ሲቀረው አንድ ደላላ አገኘኝ። ከማሰልጠኛው በር ውጭ ቆሞ የሚውል፣ የሁሉንም ተማሪ ስም የሚያውቅ ልጅ ነው። «እግርሽን አይቼዋለሁ» አለኝ፤ እንደ ሐኪም። «በአምስት ሺህ ብር ኤሏንም ዳገቷንም እናልፍሻለን። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ አንቺ ብቻ ልትደርቂ ነው?» ሁሉም ያደርጋል ማለቱ ውሸት ነው፤ ጭራሽ የሚያደርግ የለም ብል ደግሞ እኔ እዋሻለሁ። ቤት ስነግራቸው እናቴ አንድም ቃል ሳትናገር ከመቀነቷ ብር መፍታት ጀመረች። እኔም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ አልከለከልኳትም። ስትቆጥር አየኋት።

አባዬ የብሩን ኮሽታ ሰማ። «ስንት ነው?» አለ። ነገርነው። ዝም አለ። ቆይቶ፣ «እሺ፤ ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ቆመሻል እንበል» አለኝ። «ከፊትሽ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አሉ፤ ከኋላሽ ሚኒባስ ተጣብቆብሻል። ያ ልጅ ያን ጊዜ የት ነው የሚቀመጠው? ከኋላ ነው ወይስ ከጎንሽ?» እናቴ ብሩን መልሳ ቋጠረችው፤ «አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ዳገት ነው ወሬህ» እያለች።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ቡና አልጠጣሁም፤ የእናቴን ቡና ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቡና እግሬን እንደሚያብስበት በልምምድ አውቄዋለሁ። ሁለት እንቁላል በልቼ፣ ሶሉ የሳሳ ሸራ ጫማ አድርጌ ሄድኩ፤ ወፍራም ሶል ፍሪሲዮኑ የት ላይ እንደሚነክስ ይደብቃል። ሠላሳ ያህል ሰው አግዳሚ ላይ ተደርድረናል። ከጎኔ ሦስተኛ ጊዜዋ የሆነ ነጋዴ ሴት፣ ከእሷ ቀጥሎ ጸጉሩን በቅባት ያሰመረ ጎረምሳ። ሁላችንም እናዛጋለን። አንዱ ሲያዛጋ እስከ መጨረሻው ይዳረሳል። እንቅልፍ መስሏችሁ ከሆነ አይደለም፤ ፍርሃት ነው።

ስሜ ተጠራ። ከእኔ በፊት የወረደው ሰው ረጅም ስለነበር ወንበሩ ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ የሚደርሰው በጣቶቼ ጫፍ ብቻ ነው። ተረከዜ አየር ላይ! ፈታኙ ወረቀታቸውን ይዘው «እንሂድ» አሉ። ማስቸገር አፈርኩና ቁልፉን ልጠመዝዝ ነበር። እዚህ ላይ ነው ብወድቅ ኖሮ የምወድቀው። «ይቅርታ፤ ወንበሩን ላስተካክል» አልኩ። ድምፄ የሰው ድምፅ ነው የመሰለኝ። ወንበሩን ሳብኩ፣ ስፖኪዮውን አስተካከልኩ፣ ቀበቶዬን አሰርኩ። ፈታኙ ተነፈሱ፤ ግን ምንም አላሉም።

ኤሉን ገባሁ። ወደ ኋላ፣ ቀስ ብዬ፣ ቋሚዎቹን ሳልነካ። እግሬ እየመታ ነበር፤ ግን ተረከዜ መሬት ይዞ ስለነበር የሚመታው ጉልበቴ ነው፤ ፍሪሲዮኑ አልሰማም።

ዳገቱ ላይ ስቆም ግን ሌላ ጉድ መጣ። ከጎናችን አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል፤ የኔን ሞተር ድምፅ ጨርሶ ዋጠው። ስሚ የተባልኩት ጠፋ። ፍሪሲዮኑን በግምት ለቀቅሁት፤ መኪናው ዘለለና ጠፋ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። አሥራ ሁለተኛዬ! ፈታኙ አንድ ነገር ጻፉ። ትንፋሼን ቀስ ብዬ አወጣሁ፤ አወጣጡን እስከ አምስት ቆጠርኩ፤ እንደገና አስነሳሁ። በዚህ ጊዜ ጆሮዬን ተውኩና መቀመጫዬን አዳመጥኩ። ሲነክስ ኮፈኑ ትንሽ ብድግ ይላል፤ ወንበሩ ከታች ይሰማዋል። ሰማሁት። እግሬን አቆምኩ። የእጅ ፍሬኑን ለቀቅሁ።

ወደ ላይ ሄደ።

ስወርድ ፈታኙ «ሞተር ታጠፊያለሽ» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። ውጤቱ ሲለጠፍ ስሜ ካለፉት ጋር ነበር፤ ሦስት ጊዜ ወጥቼ ገብቼ አነበብኩት። ነጋዴዋም አልፋለች። ጎረምሳው አላለፈም።

ፈቃዴን በእጄ ካገባሁ በኋላ የመጀመሪያው የአባዬ ቀጠሮ ሐምሌ ላይ ነበር፤ ዝናብ ያለበት ቀን። የራሴን የዓመት ምርመራም ከሱ ጋር አስያዝኩ። ስንወርድ ቁልቁል ስለሆነ ላዳዋ አላስቸገረችኝም። እሱም ዝም አለ፤ አንዴ ብቻ «ሦስተኛ አድርጊያት፤ እየለመነችሽ ነው» አለኝ። ሐኪሙ አባዬን «እንዳለ ነው» አለው። እኔንም «ለጊዜው ደህና» አለኝ፤ አሁንም ለጊዜው።

ስንመለስ ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ አንድ ሚኒባስ ከፊታችን ቆሞ ሰው ማውረድ ጀመረ። እኔም ቆምኩ። ከኋላ ሌላው ተጣበቀ። ግራ እግሬ ጀመረ።

«ተረከዝ» አለ አባዬ።

መሬት አስነካሁት።

«ምን ይታይሻል?»

ነገርኩት። በቀኝ እንጨት የተሸከሙ ሁለት ሴቶች ይወርዳሉ፤ ከፊት ወያላው መልስ እየሰጠ ነው፤ በግራ የለም።

«ግራውን ደግመሽ እዪ።»

ደግሜ አየሁ። አንድ የረጠበ ውሻ መንገዱን ሊያቋርጥ ዳር ላይ ቆሟል። አሳለፍኩት። ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ፍሬኑን ለቀቅሁ።